የጃፓን ኩባንያዎች ቦርድ እንዴት ተለወጠ፤ እኛስ ምን እንጠይቅ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ የአክሲዮን ኩባንያዎችን የዳይሬክተሮች ቦርድ አመራረጥና ተጠሪነት ይመለከታል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን ስለ አክሲዮን ዋጋ፣ ስለ ትርፍ ድርሻና ስለ ግብይቱ ሥርዓት ብዙ ተጽፏል። ገንዘባችንን ተረክቦ በስማችን የሚወስነው የዳይሬክተሮች ቦርድ በማን እንደሚመረጥ፣ ለማን እንደሚጠየቅና ሥራውን ባይሠራ ምን እንደሚደርስበት ግን የሚበቃውን ያህል ሲጻፍ አላነበብሁም። በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ዛሬ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በፋብሪካና በሪል እስቴት አክሲዮን የገዛው ሰው ብዙ ነው፤ መምህሩ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ የመራዊው ገበሬ በቆሎውን፣ የዘጌው ደግሞ ቡናውን ሸጦ ገዝቷል። እኔም በሒሳብ ሥራ የኖርሁ፣ ከእነዚሁ ባለአክሲዮኖች አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የጃፓን ኩባንያዎች ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ቦርዶቻቸውን የለወጡበት መንገድ፣ ከነስኬቱና ከነውድቀቱ፣ ለእኛ በቀጥታ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የጃፓኑን ዘመናት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከጃፓን መማር ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ሲያረቅቁ በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገዋል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. እስከ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን ለወገናቸው ጽፈዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አምስቱን ማዎች ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ብዙ አይገኝም። ካይዘን የሚያስተምረው ግን የሥራ ቦታን ስለ ማደራጀትና ብክነትን ስለ መቀነስ ነው። የኩባንያው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰንበትን የቦርድ ስብሰባ አይነካም፤ ጃፓኖች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የተቸገሩትም በፋብሪካቸው አሠራር ሳይሆን በቦርዳቸው ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተገነባው የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች አሠራር ከእኛ ብዙም የማይርቅ መልክ ነበረው። የቦርዱ አባላት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኩባንያው የዕድሜ ልክ ሠራተኞች ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ተቀጥረው፣ ደረጃ በደረጃ አድገው፣ በመጨረሻ ለታማኝነታቸው እንደ ሽልማት የቦርድ ወንበር ይሰጣቸዋል። መራጫቸው በወረቀት ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ቢሆንም በተግባር ግን ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱን እንዲቆጣጠር በሕግ የተሾመው ቦርድ የፕሬዚዳንቱ የበታች ሠራተኞች ስብስብ ነበር ማለት ነው። አክሲዮኑንም በብዛት የያዙት እርስ በርሳቸው የሚነግዱ ኩባንያዎችና ባንኮች ሲሆኑ፣ አንዱ የሌላውን አክሲዮን ይዞ ስለሚቆይ ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር። የመቆጣጠሩን ሥራ የሚሠራው፣ ያውም ኩባንያው ችግር ላይ ሲወድቅ ብቻ፣ ዋናው አበዳሪ ባንክ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ ቶሎ የሚያልቅ ሥርዓት ሆኖ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሒሳብ ዓመታቸውን በማርች ከሚዘጉት ኩባንያዎች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ጉባኤያቸውን በጁን መጨረሻ በአንድ ቀን ያካሂዱ ነበር፤ አንዱ ምክንያት ጉባኤ እንረብሻለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ወሮበሎችን ለመበተን ሲሆን፣ ውጤቱ ግን የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን ያለው ሰው ከአንዱ በቀር የትኛውም ጉባኤ ላይ እንዳይገኝ ሆነ።

ይህ አሠራር ኢኮኖሚው በሚያድግበት ዘመን ጥሩ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሠራተኛው ዋስትና ነበረው፣ ባንኩም ታጋሽ ነበር። የአክሲዮን ዋጋ ከ1990፣ የመሬት ዋጋ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ሲወድቅ ግን ማንም ጥያቄ ያልጠየቀባቸው መዝገቦች ምን እንደያዙ መታየት ጀመረ። በኖቬምበር 1997 ሆካይዶ ታኩሾኩ ባንክ ወደቀ። በዚያው ወር፣ በተመሠረተ በመቶኛ ዓመቱ፣ ከአገሪቱ አራት ትልልቅ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅቶች አንዱ የነበረው ያማይቺ ከ260 ቢሊዮን የን (የጃፓን ገንዘብ) በላይ ኪሳራ ከመዝገብ ውጭ ደብቆ መኖሩን አምኖ በሩን ዘጋ፤ ፕሬዚዳንቱም ጥፋቱ የአመራሩ እንጂ የሠራተኛው አለመሆኑን እየተናገረ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ።

የቦርድ ማሻሻያው የጀመረው በዚያው ዓመት፣ ከያማይቺ መውደቅ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። ሶኒ በጁን 1997 የቦርድ አባላቱን ቁጥር ከ38 ወደ 10 አወረደ፤ ከአሥሩ ሦስቱን ከኩባንያው ውጭ አመጣ፤ ከቦርድ ለወጡት ኃላፊዎች ደግሞ የሥራ አስፈጻሚ መኮንን የሚል አዲስ ማዕረግ ሰጠ። ሐሳቡ መወሰንንና መቆጣጠርን ከዕለት ሥራ መለየት ነበር። ይህን ቀድሞ ያደረገው ሶኒ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሶኒ ከ1970 ጀምሮ አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ የሚሸጥ፣ ብዙ የውጭ ባለአክሲዮኖች ያሉት ኩባንያ ስለ ነበረ ከባለቤቶቹ የሚመጣውን ጥያቄ ከሌሎቹ ቀድሞ ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በጥንቃቄ መታየት ያለበት ይመስለኛል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች የሶኒን መንገድ ተከተሉ። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ የሥራ አስፈጻሚ መኮንን የሚባለው ማዕረግ በዚያን ጊዜ በንግድ ሕጉ ውስጥ እንኳ አልነበረም። አንዱ ኩባንያ ባደረገው ጊዜ ተፎካካሪው ወደ ኋላ የቀረ እንዳይመስል አደረገው፤ የአንዱ ዘርፍ መሪ ሲያደርገው የዘርፉ ሌሎች ተከተሉ። ቶዮታም በ2003 የቦርድ አባላቱን ከ58 ወደ 27 ቀነሰ። ነገር ግን አብዛኞቹ ከሶኒ የቀዱት ቀላሉን ክፍል ነበር። ቁጥሩን ቀነሱ፣ ማዕረጉን አወጡ፣ የውጭ ዳይሬክተር የማምጣቱን ግን ተዉት። ትናንት ዳይሬክተር የነበረው ዛሬ መኮንን ተባለ፤ በዚያው ወንበር፣ ለዚያው ፕሬዚዳንት፣ ያንኑ ሥራ ሠራ። ቶዮታ የመጀመሪያዎቹን የውጭ ዳይሬክተሮች የሾመው ቦርዱን ከቀነሰ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነበር። በየኩባንያው ዓመታዊ መግለጫ ላይ ግን ሁሉም የተሻሻለ አስተዳደር እንዳለው ይነገር ነበር።

ሕጉም ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። ከኤፕሪል 2003 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የንግድ ሕግ ማሻሻያ ኩባንያዎች ከፈለጉ ዳይሬክተሮችን የሚያጭ፣ ክፍያ የሚወስንና ሒሳብ የሚመረምር ሦስት ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ በእያንዳንዱ ኮሚቴ አብላጫው የውጭ ዳይሬክተር መሆን ነበረበት። ምርጫው ለኩባንያዎቹ ስለ ተተወ የተቀበሉት ጥቂት ናቸው፤ በሺዎች ከሚቆጠሩት የተመዘገቡ ኩባንያዎች ውስጥ መቶ እንኳ አልሞሉም። ፕሬዚዳንቶቹ ተተኪያቸውን የመምረጥና የራሳቸውን ክፍያ የመወሰን ሥልጣናቸውን ለውጭ ሰው አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም።

ከተቀበሉት መካከል ሶኒ፣ ሂታቺና ቶሺባ ነበሩ። ቶሺባ በዚህ የተነሣ በመልካም አስተዳደር አርአያነት ሲጠቀስ የኖረ ኩባንያ ነው። በ2015 የተቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚቴ ግን ኩባንያው ለዓመታት ትርፉን ከ150 ቢሊዮን የን በላይ አጋንኖ ሲያቀርብ መቆየቱን ገለጸ። አሠራሩን ለማወቅ ለሚፈልግ የሒሳብ ሰው ሪፖርቱ ብዙ ያስተምራል። ከላይ ያሉት አለቆች «ቻሌንጅ» እያሉ በቀሩት ጥቂት ቀናት ሊደረስበት የማይችል የትርፍ ግብ ለየክፍሉ ይሰጡ ነበር፤ ከአለቃ ፈቃድ መውጣት በማይቻልበት በዚያ ባህል ውስጥ የበታቾቹ ወጪውን ወደሚቀጥለው ዘመን እያሻገሩ፣ ገቢውን አስቀድመው እየመዘገቡ ግቡን በወረቀት ላይ ያሟሉ ነበር። የሒሳብ መርማሪ ኮሚቴው በሕጉ መሠረት ተሟልቶ ተቀምጧል። ነገር ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀድሞ የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ የነበረ ሰው ነበር፤ ከውጭ የመጡት አባላትም በሒሳብ ሙያ ያልሠለጠኑ፣ ቀድሞ ዲፕሎማት የነበሩትን ጨምሮ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ሊጠይቁ የሚገባቸውን ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ፕሬዚዳንቱና ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ከኃላፊነታቸው ለቀቁ፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ በዲሴምበር 2023 ከቶኪዮ ገበያ ተሰርዞ ወጣ። የኦሊምፐስም ታሪክ ከዚህ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ በ2011 በአማካሪ ክፍያ ስም ስለ ወጣ ገንዘብ የጠየቀውን ፕሬዚዳንት ማይክል ዉድፎርድን ቦርዱ በአንድ ድምፅ አሰናበተው፤ በኋላ ግን ያ ገንዘብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተደበቀ ኪሳራ መሸፈኛ እንደ ነበር ተረጋገጠ።

ታዲያ ጃፓን ውስጥ ለውጡ እውነተኛ መሆን የጀመረው መቼ ነው? እኔ እንደምረዳው፣ ኩባንያዎች እርስ በርስ መኮራረጃቸውን ሳይተዉ፣ የሚኮራረጁት ነገር በባለቤት ዓይን መመዘን በጀመረ ጊዜ ነው። በ2014 የጃፓን የፋይናንስ አገልግሎት ኤጀንሲ የጡረታ ፈንዶችና የመድን ድርጅቶች፣ የሌላ ሰው ገንዘብ አስተዳዳሪ እንደ መሆናቸው፣ በያዙት አክሲዮን ድምፅ እንዴት እንደሚሰጡ እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኩኒዮ ኢቶ የመሩት ጥናት ኩባንያዎች ከባለአክሲዮኖች ገንዘብ ቢያንስ 8 በመቶ ትርፍ ለማግኘት እንዲያልሙ ጠየቀ። በጁን 2015 ደግሞ የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ የኩባንያ አስተዳደር ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

የዚህ ደንብ ጉልበት በቅጣት ላይ አልነበረም። እንግሊዞች በ1992 የጀመሩትን አሠራር በመከተል «ፈጽም፤ ካልፈጸምህ ምክንያትህን አስረዳ» ይላል። ኩባንያው ቢያንስ ሁለት ገለልተኛ የውጭ ዳይሬክተሮች እንዲኖሩት ይጠበቃል፤ ከሌሉት የማይሾምበትን ምክንያት በጽሑፍ፣ ሁሉም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተጻፈ ምክንያት ባለሙያ ያነበዋል፣ ጋዜጣ ይተቸዋል፣ ባለአክሲዮን በጉባኤ ያነሣዋል። በቶኪዮ ገበያ ዋና መደብ ሁለትና ከዚያ በላይ ገለልተኛ የውጭ ዳይሬክተሮች የነበሯቸው ኩባንያዎች በ2014 ከአምስት አንድ ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ከአምስት አራት ያህል ሆኑ። በ2021 ደንቡ ሲሻሻል ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ፕራይም በሚባለው ላይኛው መደብ ከቦርዱ ሲሶው ገለልተኛ እንዲሆን ተጠየቀ፤ ይህን ያሟሉት በ2014 ከመቶ 6 ገደማ የነበሩት በ2022 ከመቶ 90 አለፉ። በሶኒ የመጀመሪያ እርምጃ ጊዜ ያልተንቀሳቀሰው የቦርዱ ስብጥር በሰባትና በስምንት ዓመት ውስጥ ተለወጠ።

የባለአክሲዮኑም ማንነት ተለውጦ ነበር። የውጭ ባለሀብቶች በ1990 ከተመዘገበው አክሲዮን ዋጋ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዘው ነበር፤ ከ2014 ወዲህ ግን 30 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ባንኮችም የያዙትን አክሲዮን እየሸጡ፣ አንዱ ለሌላው ዝም የሚልበት ውል እየላላ ሄደ። ድምፁ በእርግጥ መቆጠር መጀመሩን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በማርች 2023 የካኖን ባለአክሲዮኖች ለረጅም ዘመን ኩባንያውን የመሩትን ፉጂዮ ሚታራይን ዳግመኛ ሲመርጡ ያገኙት ድጋፍ 50.59 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዋናው ምክንያት በቦርዱ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯ ነበር። ከወንበራቸው አልወረዱም፤ ሆኖም ቁጥሩ ታተመ፣ አገሩ ሁሉ አነበበው፣ በሚቀጥለው ዓመት ካኖን ሴት ዳይሬክተር ሾመ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ በመቶኛ ተለይቶ ለሕዝብ መገለጹን ነው።

ገበያው ራሱ ከዚህም አልፏል። በማርች 2023 የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ለፕራይምና ከእሱ ዝቅ ላለው የስታንዳርድ መደብ ኩባንያዎች ሁሉ፣ የባለአክሲዮኖችን ገንዘብ ዋጋ አስበው እንዲሠሩና ዕቅዳቸውን እንዲያሳውቁ ጥያቄ ላከ፤ በዚያን ጊዜ ከፕራይም ኩባንያዎች ግማሽ ያህሉ በገበያ ያላቸው ዋጋ በመዝገብ ካላቸው የተጣራ ሀብት ያነሰ ነበር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለጥያቄው መልስ የሰጡትን ኩባንያዎች ስም ዝርዝር በየወሩ ያወጣል። ያልመለሱትን አልወቀሰም፤ የመለሱትን ብቻ ስማቸውን ጻፈ። ከእኩዮቹ ተለይቶ መታየትን በማይወድ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ በቂ ነበር፤ ዝርዝሩም በየወሩ እየረዘመ ሄደ።

ይህን ስል ጃፓን ችግሯን ጨርሳለች ማለቴ አይደለም። ከ2015 በኋላ ከሺህ የሚበልጡ ኩባንያዎች ሕጉ የፈቀደውን አዲስ የቦርድ ዓይነት ሲመርጡ፣ ብዙዎቹ ቀድሞ ከቦርዱ ጎን በሕግ በሚሾም ተቆጣጣሪነት ይሠሩ የነበሩትን የውጭ ሰዎች ወደ ቦርድ ወንበር አዛውረው ቁጥሩን አሟልተዋል። ለገለልተኛነት የሚበቃ ሰው እጥረት በመኖሩም አንድ ጠበቃ ወይም ፕሮፌሰር በበርካታ ኩባንያዎች ቦርድ ይቀመጣል። ጥቅሙ ለባለአክሲዮን እያደላ የሠራተኛው ደመወዝ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ትችትም አለ፤ ይህ ትችት ቀላል አይደለም፤ እኛም ቦርድን ለባለአክሲዮን ተጠሪ እናድርግ ስንል ሠራተኛውንና ደንበኛውን የሚዘነጋ ቦርድ እንፍጠር ማለታችን መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልመለስ። የእኛ የአክሲዮን ኩባንያዎች በአንድ ነገር ከጃፓኖቹ የተለዩ ናቸው። የጃፓን ኩባንያ ችግር አክሲዮኑ እርስ በርስ በሚተሳሰቡ ጥቂት ድርጅቶች እጅ መያዙ ነበር፤ የእኛ ችግር ደግሞ አክሲዮኑ በማይተዋወቁ እጅግ ብዙ ሰዎች እጅ መበተኑ ነው። ባለአክሲዮኖቹ ከአንድ መቶ ሺህ የሚበልጡ ባንክ አለን። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ዜጎች ገዝተዋል። በእድር ውስጥ አባሉ ዳኛውን ያውቀዋል፣ ቤቱን ያውቀዋል፣ የሣጥኑ ገንዘብ ቢጎድል ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ በእነዚህ ኩባንያዎች ግን ባለቤቱ የሾመውን ሰው መልኩን አይለይም። ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት ቦታ አንድ ነው፤ በጃፓንም በእኛም ጠቅላላ ጉባኤው የማይጠይቅ ጉባኤ ሆኗል።

ስማቸውን መጥራት በማያስፈልገኝ ኩባንያዎች ጉባኤ ላይ ያየሁትን በአጭሩ ልግለጽ። የዓመቱ ሪፖርት በአዳራሹ በር ላይ ይታደላል፤ ተሰብሳቢው የሒሳብ ማብራሪያውን ገልጦ ሳይጨርስ ሪፖርቱ እንዲጸድቅ ይጠየቃል። የቦርድ ዕጩዎች ስም የሚታወቀው በሚመረጡበት ሰዓት ነው፤ ምን እንደተማሩ፣ የት እንደሠሩ፣ ከኩባንያው ጋር የሚነግዱ ወይም ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሚዛመዱ መሆናቸው አይነገርም። በዚህ የተነሣ መራጩ የሚመርጠው በሰውየው ትውውቅ ወይም በመጣበት አካባቢ ይሆናል። ከደብረ ታቦር፣ ከዳንግላ ወይም ከቋራ በመንገድ ምክንያት መምጣት ያልቻለው ባለአክሲዮን ውክልናውን ለቅርቡ ሰው ይሰጣል፤ ውክልናው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ብዙ ጊዜ የሚከማቸው በነባሮቹ የቦርድ አባላት ዘንድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ በቃለ ጉባኤው ይመዘገብ ይሆናል፤ በጋዜጣ ላይ ግን የሚወጣው «በከፍተኛ ድምፅ ተመረጡ» የሚለው ብቻ ነው።

ሕጋችን ከዚህ የተሻለ በር ከፍቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኩባንያን የሚያስተዳድሩት ባለአክሲዮኖች ብቻ እንዲሆኑ ይደነግግ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰውም በቦርድ እንዲመረጥ ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም አክሲዮናቸውን ለሕዝብ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች መረጃ እንዲገልጹ የማድረግ ሥልጣን አለው። የምፈራው የሶኒ ተከታዮች የሠሩትን እንዳንደግም ነው። አንዱ ባንክ ገለልተኛ ዳይሬክተር ሾምሁ ሲል ሌላው ወዲያው ይከተለዋል፤ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ወይም የታወቀ ሽማግሌ በቦርዱ ይቀመጣል፤ በዓመታዊው መጽሔት ፎቶግራፉ ይወጣል፤ የሒሳብ ኮሚቴው ግን እንደ ቶሺባው መጠየቅ የማይችል ሰው ይሞላዋል። ገለልተኛነት ያለ ዕውቀት ምን እንደሚሆን ከቶሺባ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ስለዚህ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑና ብሔራዊ ባንኩ የትኛውንም የቁጥር ግዴታ ከመጨመራቸው በፊት የመግለጽ ግዴታውን ቢያጠብቁ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የዕጩዎች ማንነት፣ ሙያና ከኩባንያው ጋር ያላቸው የጥቅም ግንኙነት ከጉባኤው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት በጋዜጣ ይውጣ። በሒሳብ ኮሚቴው ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ የሌለው ኩባንያ ለምን እንደሌለው በሊቀ መንበሩ ፊርማ ያስረዳ። እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘው ድምፅ በመቶኛ፣ ከዚያም ውስጥ በውክልና የተሰጠው ምን ያህል እንደሆነ ተለይቶ ይታተም። ይህ ሁሉ ለኩባንያው የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ዋጋ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። የሰው እጥረቱን በተመለከተ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግና ሒሳብ የሚያስተምሩ ምሁራን በከተማችን አሉ፤ በዚህ ሙያ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ኦዲተሮችም አሉ። ለቦርድ አባልነት የሚያዘጋጅ አጭር ሥልጠና በዩኒቨርሲቲው ቢሰጥ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን መመዘን የሚችል ሰው ማፍራት ይቻላል።

ባለአክሲዮኖችም የራሳችን ድርሻ አለብን። የውክልና ወረቀት ስንፈርም ለማን እንደምንሰጥ ብቻ ሳይሆን ተወካዩ ለየትኛው ዕጩ ድምፅ እንዲሰጥ እንደምንፈልግ በወረቀቱ ላይ እንጻፍ። በየወረዳው ያሉ መምህራንና ነጋዴዎች ውክልናቸውን አሰባስበው አንድ ሙያው ያለው ሰው ወደ ጉባኤ ቢልኩ፣ ያ ሰው የሚያነሣውን ጥያቄ ቦርዱ እንደ አንድ ግለሰብ ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም።

በመጨረሻም ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኩባንያዎቹ የጠቅላላ ጉባኤ ወቅት ከመድረሱ በፊት በክልላችን ብዙ ባለአክሲዮኖች ላሏቸው ኩባንያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አጭር ደብዳቤ እንድትጽፉላቸው እለምናለሁ፤ የቦርድ አባሎቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው ከኩባንያው ጋር የንግድም ሆነ የዝምድና ግንኙነት የሌለው ማን እንደሆነ፣ የሒሳብ ኮሚቴውን የሚመራው ሰው ሙያ ምን እንደሆነ፣ ባለፈው ጉባኤ እያንዳንዱ አባል በስንት ድምፅ እንደተመረጠ ጠይቋቸው። ያልመለሱትን መውቀስ አያስፈልጋችሁም። የቶኪዮው ገበያ እንዳደረገው፣ የመለሱትን ኩባንያዎች ስምና መልሳቸውን በየወሩ በአንድ ቋሚ ዓምድ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ባለአክሲዮን አንባቢያችሁ
ባሕር ዳር